በሐምሌ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰው ሽማግሌ የሚልክበት ወር ሞልቷል። ኅዳር አለ፣ ታኅሣሥ አለ፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ደርቆ፣ አዝመራው ተሰብስቦ የሰው ፊት የሚፈታበት። እኔ ግን በሐምሌ መጨረሻ ላክሁ። ያውም ከስማዳ ወደ እስቴ፣ ያውም ወንዝ አሻግሬ። ገና ከአሁኑ "ምን ነክቶህ ነው?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ያን ሰሞን ራሴን ስንቴ እንደጠየቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊዜው ሩቅ አይደለም፤ አሥር ዓመት ቢያልፈው ነው። ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። ሠላሳን ረግጫለሁ፣ በኪራይ ቤት እኖራለሁ፣ እናትና አባቴ በሕይወት የሉም። ይታይሽ ከከተማው ወጣ ባለ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ነበረች። ከተዋወቅን ዓመት አልፎን ነበር። እንደምንጋባ ሁለታችንም እናውቃለን፤ መቼ የሚለውን ግን አንሥተነው አናውቅም። ያን ክረምት ፈቃድ ወስዳ ወንዝ ማዶ፣ እስቴ ካለው ካባቷ ቤት ገብታ ሳለ አንድ ቀን ደወለችልኝ።

"አባቴ ሊድረኝ ነው" አለችኝ። "አርብ ገበያ ያለ አንድ ባለ ወፍጮ ሽማግሌ ይልካል ተብሏል። ፍልሰታ ሳይገባ ቃል እሰጣለሁ ይላል።"

"አንቺ ምን አልሽው?"

"ሌላም ሰው አለ አልሁት። 'ካለ ይምጣና ልየው፤ የሌለ ሰው አልጠብቅም' አለኝ። እንግዲህ ላክ።"

"በዚህ ዝናብ?"

"ዝናቡን እኔ አላዘነብሁት" አለችና ስልኩ ተቋረጠ።

ፍልሰታ ሊገባ የቀረው ከሳምንት ያነሰ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ለመንሁ። አንዱ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ አቋቋም የሚያስተምሩ፣ አገር የሚያከብራቸው ሊቅ። ሁለተኛው የእናቴ ወንድም አያ ውበት። ሦስተኛው አያ ደምሴ፤ እሳቸውን የለመንኋቸው እውነቱን ለመናገር በቅሎ ስላላቸው ነው። ሲናገሩ ብዙ ሰው ሰምቷቸው አያውቅም።

እንደ ወጉ ከሆነ የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ግን ሦስት አዛውንት በዚያ ማጥ ብቻቸውን እንዴት ይላካሉ? አብሬ ሄድሁ። አያ ደምሴ በቅሏቸውን ይዘው ቀድመው ወጡ፤ ሁለቱን ይዤ አይሱዙ ላይ ተጫንሁ። ስልኬ ያን ዕለት "ከፊል ፀሐይ" ይል ነበር። አያ ውበት ጉሙን አይተው "ዛሬ አይዘንብም" አሉ። መሪጌታም ነፋሱን አሽትተው "ቢዘንብም ካፊያ ነው" አሉ። ከከተማው ሳንወጣ ዶፉ ወረደ።

መኪናው በየማጡ ይቆማል፤ ረዳቱ "ወጣት ወጣት ውረዱ!" ይላል፤ ከተሳፋሪው ወጣት የሚባለው እኔ ነኝ። ወርጄ እገፋለሁ፣ ጎማው ጭቃውን ደረቴ ላይ ይረጨዋል፣ አያ ውበት ከላይ ሆነው "ወደ ግራ ግፋው እንጂ" ይሉኛል። ለሽምግልናው ብዬ ያጠብኋት ሸሚዝ ከሦስተኛው ማጥ በኋላ ቀለሟ አይታወቅም ነበር። በመጨረሻ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና "ከዚህ ወዲያ በእግራችሁ ነው" አለን። የቀረውን መንገድ ጃንጥላ ይዘን፣ ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወረድነው።

ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ቀኑ አዘቅዝቆ ነበር። በጋ ላይ ልጅ ዘልሎ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ያን ዕለት ግን ደራሽ መጥቶ ከገደል እስከ ገደል ሞልቷል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ዋርካ ይዞ ይሄዳል። ከመሻገሪያው አጠገብ የተጀመረ ድልድይ አለ። የተጀመረ ነው የምለው፣ ሁለት ምሰሶ ቆሞ ከቀረ ዓመታት ስላለፉት ነው።

ባካባቢው የሚኖሩ አያ ጌጡ የሚባሉ ገበሬ ገሳ ለብሰው ቆመው ውሃውን ያያሉ።

"ዛሬ አይታሰብም" አሉን። "ጠዋት ብትመጡ ኖሮ በደኅና ትሻገሩ ነበር።"

"ነገስ?" አልሁ።

"ላይኛው አገር ካልዘነበ ነገ ይጎድላል። ከዘነበ ከነገ ወዲያ። እንዲያው ግን ምን ይታወቃል?"

ይህን ሁሉ የሚሉት ረጋ ብለው ነው። ሰው እንደዚያ ረጋ ብሎ ሲነግረኝ ደሜ ይፈላል።

ደግነታቸው ግን አይካድም፤ ቤታቸው አስገቡን። አያ ደምሴ ቀድመውን ደርሰው ጥግ ይዘው አንቀላፍተዋል። ከምድጃው ዳር ደግሞ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሌሎች ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሰላምታው አለቀና አያ ውበት ጠየቁ።

"ከወዴት ናችሁ?"

"ከአርብ ገበያ" አሉ ከሦስቱ ትልቁ፤ ቄስ ሙጨ ይባላሉ።

"ለደኅና?"

"ለደግ ነገር ነው። ሽማግሌ ተልከን።"

"እኛም ለደግ ነገር ነን። ወዴት ልትሄዱ?"

"ማዶ፣ ሞላ ቤት።"

አያ ውበት ወደ እኔ ዞሩ። አቶ ሞላ የይታይሽ አባት ናቸው።

"እኛም ሞላ ቤት ነን" አሉ መሪጌታ።

ተኳርፈው ጎራ ለይተው ያድራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ቄስ ሙጨ መሪጌታን ትኩር ብለው አዩና "እርስዎ ጥበቡ አይደሉም? አንድ ጉባኤ ቤት አልነበርንም?" አሉ። ሁለቱ በልጅነታቸው ከአንድ መምህር ሥር የተማሩ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ እኔን ያስታወሰኝ የለም። ቁራሽ ለምነው የበሉበት መንደር፣ የነከሳቸው ውሻ፣ የሞተው፣ የመነኮሰው፣ አንድ በአንድ ተነሣ። የተቀናቃኜ ሽማግሌዎችና የኔ ሽማግሌዎች ካንድ ገበታ በልተው፣ ካንድ ጋን ጠጥተው፣ እየተመራረቁ ተኙ።

በነጋታው ሲነጋ ዝናቡ አላባራም። ውሃው ብሶበታል። እኔ ወደ ወንዙ እወርዳለሁ፣ አየዋለሁ፣ እመለሳለሁ። እነሱ ደግሞ ከጎጆው ጥላ ሥር መደብ ላይ ተደርድረው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ከአንዱ መመለሴ ላይ ነገር እንደተጀመረ ገባኝ።

"አንድ ልጅ ለሁለት አትሰጥም" ይላሉ ቄስ ሙጨ። "ሁለታችን ተከታትለን አንድ ደጅ ብንቆም ባለቤቱን ማስጨነቅ ነው። እዚሁ ተመካክረን አንዳችን ብንመለስስ?"

"ደግ ተናገሩ" አሉ መሪጌታ። የኔ መሪጌታ።

"የናንተ ልጅ ምን አለው?"

"ትምህርት አለው" አሉ አያ ውበት። "ቤት የለው፣ መሬት የለው፣ በሬ የለው።" እየመረቁኝ ነው የሚመስሉት።

"የኛ ወፍጮ አለው፣ ቆርቆሮ ቤት ሠርቷል። መጠጥ ትንሽ ይወዳል እንጂ ጠባዩ ደግ ነው።"

"ይሄኛው አይጠጣም። ግን ግልፍተኛ ነው።"

"አያ ውበት!" አልሁ።

"ታዲያ ሐሰት ልናገር? ሽማግሌ አይዋሽም።"

"እናንተ የማን ሽማግሌ ናችሁ? የኔ ናችሁ የሱ?"

"ይኸው፣ ግልፍ አለ" አሉ አያ ውበት ወደ ቄስ ሙጨ ዞረው።

መሪጌታ በቀስታ "ልጄ፣ ተቀመጥ" አሉኝ። "መጀመሪያ ነገር፣ አንተ እዚህ መገኘትህ ከወግ ውጭ ነው።"

"አይሱዙውን ማን ይግፋላችሁ ነበር?"

ምክራቸውን ግን ቀጠሉ። እስከ ምሳ ድረስ ነገሩን አገላበጡት፤ ዘር ቆጠሩ፣ ዕድሜ አነጻጸሩ፣ የመምህር ዝውውር ምን ያህል እንደሚያንገላታ ተወያዩ። በመጨረሻ አያ ውበት ጠሩኝና፣ ሚዛኑ ወደ ባለ ወፍጮው እንዳዘነበለ፣ እኔ ገና ኑሮ ያልያዝሁ መሆኔን፣ ደግሞም አያ ጌጡ ጨዋ የእኅት ልጅ እንዳለቻቸው፣ መንገዱም እንዲያው ከንቱ እንደማይቀር ነገሩኝ። ይህን ሲሉኝ በሐዘን አይደለም፤ መልካም ዜና እንደሚያበስር ሰው ነው።

ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የዚያን ሰዓት የተሰማኝን በወግ ልነግራችሁ አልችልም። አገሩን፣ ሰማዩን፣ ያን ሁለት ምሰሶ፣ ሽማግሌ የሚባለውን ነገር ሁሉ ረገምሁ። መልስ ሳልሰጥ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ያለውን ኮረብታ እየዳኽሁ ወጣሁት፤ ኔትወርክ ያለው እዚያ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ደወልሁላት። ነገሩን ከአንደኛው ሽማግሌ እስከ ስድስተኛው ነገርኋት። ዝም አለች።

"እያለቀስሽ ነው?"

"አይደለም። ስልኩን ስጣቸው።"

"ታች ኔትወርክ የለም።"

"እንግዲያው ወደ ላይ አምጣቸው። አንድ የምላቸው አለኝ፤ አንተም አልሰማኸውም።"

ስድስት አዛውንት በሐምሌ ዝናብ ኮረብታ አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? መሪጌታን በአያ ደምሴ በቅሎ ላይ ጫንኋቸው፤ በቅሎዋ መንገድ ላይ ቆማ አልሄድም አለች። ቄስ ሙጨን ከኋላ ገፋሁ። አያ ውበት ሁለቴ ወደቁና ሁለቴም እኔን ተቆጡኝ። "ሴት ልጅ ሽማግሌን ጠርታ ስታናግር የት ተሰምቷል?" ይላሉ፤ ግን ምን እንደምትል ለመስማት ከሁሉም ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። ጫፉ ላይ በሦስት ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን ቆምን። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ መሐል ያዝሁት።

"አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ" አለች ይታይሽ። "በኔ ምክንያት ጭቃ ለጭቃ ስለተንገላታችሁ ይቅር በሉኝ።"

"እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አሉ ስድስቱም ባንድ ላይ።

"የማከብራችሁ ስለሆነ ነው የምናገረው። ጎንደር የዲግሪ ትምህርት ደርሶኛል። ስሜ የወጣው በዚህ ሳምንት ነው። ለአባቴ አልነገርሁትም፤ ቃል ከሰጠ በኋላ ብነግረውም 'ባልሽን ጠይቂ' ነው የሚለኝ። እናንተ ከሁለቱ ለማን እንደምሰጥ ስትመክሩ ዋላችሁ አሉ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እስክማር ድረስ የሚተወኝ ማን ነው?"

ቄስ ሙጨ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እኛ ለዚህ አልተላክንም። ልጁን ሳንጠይቅ ምን ብለን እንመልሳለን?"

"የኛውም ልጅ ሊጠብቅ አይችልም፤ ዕድሜው ሄዷል" አሉ አያ ውበት።

"ይህን አያ ውበት ሳይሆኑ ራሱ ይመልስልኝ" አለች።

ስድስት ጥንድ ዓይን እኔ ላይ ዐረፈ። ስለ ትምህርቱ የሰማሁት ገና ያኔ ነው። አራት ዓመት። ጎንደር። ደስ ማለቱ፣ መክፋቱ፣ መናደዱ ባንዴ መጣብኝ። አፌን ከፈትሁ። ያን ጊዜ ስልኩ ጠፋ። ባትሪው አልቋል። ጠዋት ሙሉ፣ ኔትወርክም በሌለበት፣ ሰማዩ ምን እንደሚል ለማየት ስከፍተው ስዘጋው ነው የጨረስሁት፤ ያውም አንድ ቀን እውነት ነግሮኝ ለማያውቅ ስልክ።

ዝናቡ ጃንጥላው ላይ ይደበድባል። ከተነሣን ጀምሮ በራሳቸው አንድ ቃል ያልተናገሩት አያ ደምሴ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት።

"እውነቷን ነው" አሉ። "ከጠዋት ጀምሮ ስለሷ ስናወራ እሷ ምን ትላለች ያለ የለም።"

እየተደጋገፍን ወደ ታች ወረድን። ቤት ከገባን በኋላ ስድስቱ ጓዳ ገብተው ዘለግ አድርገው ተነጋገሩ። እኔን አላስገቡኝም። "ምን ወሰናችሁ?" ብላቸው መሪጌታ "ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሲደረግ ታያለህ" አሉኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ወንዙ ጎድሎ ነበር። ላይኛው አገር አልዘነበም ማለት ነው። አያ ጌጡ ከፊት በበትር እየለኩ፣ ስድስቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ እኔ በቅሎዋን እየጎተትሁ ውሃው ጉልበታችንን እየደበደበው ተሻገርን። ከአቶ ሞላ ደጅ ስንደርስ መሪጌታ እኔን ከአጥሩ ውጭ አስቆሙኝ። ባጥሩ ቀዳዳ ማየት ግን አልከለከሉኝም።

ስድስቱ ግቢው መሐል ጭቃው ውስጥ ቆሙ። አቶ ሞላ ከቤት ወጡ፤ ወፈር ያሉ፣ ሪዛቸው የተበጠረ ሰው ናቸው። ብዛታቸውን አይተው ደነገጡ።

"ምነው ቆማችሁ? ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።"

"አንቀመጥም" አሉ መሪጌታ። "የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም።"

"ከማን ነው የመጣችሁት? ከወገዳ ነው ከአርብ ገበያ?"

"ከሁለቱም" አሉ ቄስ ሙጨ።

"ሁለታችሁም ልጄን ልትጠይቁ?"

"ተልከን የመጣነውስ ልንጠይቅ ነበር" አሉ መሪጌታ። "አሁን ግን የምንለምነው ሌላ ነው። ልጅዎ ጎንደር ትምህርት ደርሷታል። እሱን እስክትጨርስ ለማንም ቃል እንዳይሰጡ ነው ልመናችን። ለኛም ቢሆን፣ ለነሱም ቢሆን።"

አቶ ሞላ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን አዩ። "ስድስት ሽማግሌ መጥቶ አንድም የሚጠይቅ የለም?" አሉ። "ጠላ አስጠምቄ፣ በግ አስሬ፣ ስጡን ሳይሆን አትስጡ ልትሉኝ ነው ወንዝ የተሻገራችሁት?"

ማንም አልሳቀም። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ስድስቱ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። አቶ ሞላ ግቡ ይላሉ፣ እነሱ አንገባም ይላሉ። ሽማግሌን ደጅ ላይ ዝናብ እየደበደበው መመለስ በኛ አገር እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የረገምሁት ግትርነት፣ ያ አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁት ነገር፣ ያን ጊዜ ለሷ ቆመ። ብዙ ከቆዩ በኋላ አቶ ሞላ በረጅሙ ተነፈሱና "እሺ" አሉ። "እሺ ብያለሁ። ሳትታመሙብኝ ግቡ።"

እነሱ ሲገቡ ይታይሽ በጓሮ ዞራ ወደ አጥሩ መጣች። ከእግሬ እስከ ራሴ ጭቃ ነኝ። አየችኝና ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን ልትደብቅ ይሁን እንባዋን አላወቅሁም።

"ትናንት ስልኩ ሲጠፋ ምን ልትል ነበር?"

"እጠብቃለሁ ልል ነበር።"

"አሁን ቃል አትግባልኝ" አለች። "ደክመሃል፣ ተናደሃል። የሰው ቃል እንዲህ ባለ ቀን አይያዝም። መንገዱ ሲደርቅ ጎንደር ና፤ ያኔም እንደዚሁ ካሰብህ ትነግረኛለህ።"

ስለ መመለሻው አልነግራችሁም፤ ከመሄጃው የባሰ ነበር ብላችሁ ያዙት።

በጥቅምት ጎንደር ሄድሁ። ነገርኋት። በየዓመቱም ሄድሁ፤ ደብረ ታቦር ላይ አውቶቡስ እየቀየርሁ፣ አንዳንዴ ተኳርፈን እየተመለስሁ፣ አንዴም "ይብቃን" ተባብለን አንድ መንፈቅ ሳንደዋወል። ያ ባለ ወፍጮ አልጠበቀም፤ በዚያው ዓመት ሌላ አገባ፣ በወዳጅነት ነው የምናወራው። ይታይሽ ተመርቃ ስትመለስ ሽማግሌ የላክሁት ራሷ "አሁን ላክ" ካለችኝ በኋላ ነው። ዛሬ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ እንኖራለን። በሐምሌ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትመጣ ተነሥታ የምትሄደው እሷ ናት፤ ሳትበሳጭ ነው የምትሄደው። እኔ በሷ ፋንታ እበሳጫለሁ።

ምን ለወጠህ ትሉኝ ይሆናል። ያ ጉዞ ትዕግሥት አስተማረኝ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ዛሬም ወንዝ ሲሞላ እሳደባለሁ። ግን ያን ጊዜ በማያቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የተናደድሁት፣ ያለኔ ስለ እኔ ስለመከሩ ነበር። ኮረብታው ላይ ሆኜ የገባኝ፣ እኔ ግማሽ ቀን ያልቻልሁትን ነገር ይታይሽ ዕድሜዋን ሁሉ ስትችለው መኖሯ ነው።

አሁን ጸጉሬ ሸበት ስላለ ሰዎች እኔኑ ሽማግሌ ሊልኩኝ ይመጣሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት መጣ፤ ጫማው ጭቃ ጠጥቷል፣ ለምኖ ለምኖ አደከመኝ። "እሺ፣ ልጅቱ ምን አለች?" አልሁት።

"እሷማ ምን ትላለች፣ መምህር? ለዚሁ አይደል ሽማግሌ የሚላከው?"

ልቆጣው አፌን ከፈትሁ። ይታይሽ ከጓዳ ሆና ሰምታዋለች፤ ወጥታ ወንበር አቀረበችለት።

"ተቀመጥ" አለችው። "ወንዝ ማዶ ናት ወይስ ወዲህ?"

"ወዲህ ናት። እዚሁ ገበያው ጀርባ።"

"እንግዲያው አሁኑኑ ሄደህ ጠይቃት" አለችው፤ "እኛ እስክትመለስ ምሳ እናቆይልሃለን።"